ክርኑ ማንንም ካልነካ ለምን ይቀጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ ለትምህርት ቤቱ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ሰሞኑን ሪባውንድ (ሳትገባ ከቅርጫቱ የተመለሰች ኳስ) ይዞ ሲወርድ ሁለት ልጆች ከበቡት። እንዲርቁለት ክርኑን ግራና ቀኝ አወናጨፈ። ማንንም አልነካም፤ ዳኛው ግን ቴክኒካል ፋውል ሰጡበት። በኋላ ደግሞ ኳስ ይዞ ብቻውን ወደ ቅርጫቱ ሲሮጥ ከኋላው ማሊያውን ጎትተው አስቀሩት። ይሄኛው ተራ ፋውል ተባለ። ፍርድ ነው ይሄ?
እህቱ ነኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ በክርኑ ዳኛው ልክ ናቸው። በማሊያው ግን፣ ነገሩ እንዳልሽው ከሆነ፣ ወንድምሽ ተበድሏል።

ክርንን ከልክ በላይ ማወናጨፍ፣ ሰው ባይነካም፣ በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ ቴክኒካል ፋውል፣ ማለትም የጠባይ ጥፋት፣ ነው። ቅጣቱ አንድ ነጻ ውርወራ ነው። ክርንን ወጣ አድርጎ ኳስን መጠበቅ ግን ይፈቀዳል። እኔ ዳኛ ሆኜ ሳጫውት ዓይኔን የምጥለው ወገቡ ላይ ነበር። ክርኑ ከወገቡ ጋር እኩል ከዞረ ልጁ እየዞረ ነው። ወገቡ ቆሞ ክርኑ ብቻውን ከፈጠነ ግን ሰው ለመምታት ወይም ለማስፈራራት ነው። ያ ክርን የስንቱን ጥርስ እንዳረገፈ የሚያውቅ ዳኛ እስኪነካ አይጠብቅም። በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤም ቡጢ የሰነዘረ ተጫዋች፣ ቢስትም እንኳ፣ ወዲያው ይባረራል፤ ቢያንስ አንድ ጨዋታም ይታገዳል።

ወደ ማሊያው ልምጣ። እዚህ ዳኛው የሚያየው የጎታቹን እጅ ነው፦ ወደ ኳሱ ሄደ ወይስ ወደ ሰውዬው? ማሊያ የጨበጠ እጅ ኳስ ፍለጋ አልሄደም። በዚያ ላይ በወንድምሽና በቅርጫቱ መካከል ተከላካይ አልነበረም። ይህ ስፖርታዊ ጨዋነት የጎደለው ፋውል ነው፤ ዳኛው እጁን ወደ ላይ አንስቶ በሌላው እጁ አንጓውን የሚጨብጥበት። ገና ለመወርወር ስላልተነሳ ሁለት ነጻ ውርወራ ይገባው ነበር፤ ከዚያም ኳሱ ለቡድኑ ይመለሳል። በአንድ ጨዋታ ሁለቴ እንዲህ ያጠፋ ከሜዳ ይወጣል።

ወጣት ዳኞች «ሆን ብሎ ነው ወይስ ሳያስበው?» እያሉ ሲጨነቁ አያለሁ። የሰው ልብ አይነበብም፤ መነበብም የለበትም። ኳሱን ፈልጎም ቢሆን ከመጠን በላይ በኃይል የገጨ ያው በዚሁ ፋውል ይቀጣል። ጉዳትም መለኪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የኤንቢኤ ፍጻሜ የጎልደን ስቴቱ ድሬይመንድ ግሪን የክሊቭላንዱን ሌብሮን ጄምስን ከወገቡ በታች መታው። ጄምስ መጫወቱን ቀጠለ። ሊጉ ግን ቪዲዮውን አይቶ ጥፋቱን አከበደበት። ከቀደሙት ጥፋቶቹ ጋር ተደምሮ አምስተኛው ጨዋታ አመለጠው። የግሪን ቡድን ባሸነፋቸው ጨዋታዎች ብዛት 3 ለ 1 ሲመራ የነበረውን ፍጻሜ 4 ለ 3 ተሸነፈ።

ለወንድምሽ እንዲህ በይልኝ፦ ሪባውንድ ሲይዝ ኳሱን አገጩ ሥር አጥብቆ ይያዝ፤ ከዚያ በእግሩ ይዙር። ማሊያውን ከጎተቱትም እሱ አይጩህ። ሰዓቱ ቆሞ ኳስ ከጨዋታ ውጪ ስትሆን ካፒቴኑ በትሕትና ዳኛውን መጠየቅ ይችላል።