ዝቅ ባለው ድግግሞሽ ላይ የአልማዙ ብርሃን ለምን ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ 20 ናኖሜትር ውፍረት ባለው የኢትሪየም አይረን ጋርኔት (ማግኔታዊ ቁስ) ፊልም ላይ የናይትሮጂን ጉድለት (ኤንቪ፦ በካርቦን አቶም ፈንታ የገባ ናይትሮጂንና ከጎኑ ያለ ባዶ ቦታ) ያለበት የአልማዝ ቁራጭ አስቀምጫለሁ። የማይክሮዌቩን ድግግሞሽ ስቀይር አልማዙ በአረንጓዴ ሌዘር ሲበራ የሚሰጠው ቀይ ብርሃን በጉድለቱ ሁለት መስመሮች (ጉድለቱ ማይክሮዌቭ በሚቀበልባቸው ድግግሞሾች) ላይ ብቻ ሳይሆን ከእነርሱ ዝቅ ባለ ሌላ ድግግሞሽም ይቀንሳል። የፊልሙ ሬዞናንስ (ማግኔትነቱ በተፈጥሮው የሚወዛወዝበት ድግግሞሽ) ነው ወይስ ሙቀት?

መልስ፦ የፊልሙ ሬዞናንስ ሳይሆን አይቀርም፤ ይሁን እንጂ የማግኔት መስኩን ሲቀይሩ ይህ ዝቅ ያለው መስመር አብሮ ቢንቀሳቀስም፣ ይህ ብቻውን ሙቀትን አያስተባብልም። ፊልሙ ማይክሮዌቭን አብዝቶ የሚውጠው በሬዞናንሱ ላይ ስለሆነ፣ ሙቀቱም የሚበረታው እዚያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ ቁስ ላይ ተመሳሳይ ክስተት አሳይተዋል። ፊልሙ በሬዞናንሱ ሲነዳ ጉልበቱ ወደ ሌሎች የስፒን ሞገዶች (በፊልሙ ውስጥ የሚጓዙ የማግኔትነት ውዝዋዜዎች) ይበተናል፤ ከእነዚህም በጉድለቱ ድግግሞሽ የሚወዛወዙት የማግኔት ሁከት ይፈጥሩና ሌዘሩ ያሰናዳውን የጉድለቱን ስፒን (የኤሌክትሮኖቹን ማግኔታዊ ሁኔታ) ያናጉታል፣ ብርሃኑም ይቀንሳል።

በመጀመሪያ መስኩን በፊልሙ ገጽ ላይ አስተኝተው ደረጃ በደረጃ ይጨምሩ። በጉድለቱ ዘንግ (ናይትሮጂኑንና ባዶውን ቦታ በሚያገናኘው አቅጣጫ) ላይ ሲያርፍ ታችኛው የጉድለት መስመር ከ2.87 ጊጋኸርዝ ተነሥቶ በእያንዳንዱ ሚሊቴስላ 28 ሜጋኸርዝ ይወርዳል፤ የፊልሙ መስመር ግን ወደ ላይ ይታጠፋል፣ በ10 ሚሊቴስላ 1.2፣ በ20 ደግሞ 1.75 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይሆናል። ሁለቱ በ27 ሚሊቴስላ ገደማ፣ 2.1 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይገናኛሉ። ከዚያ በላይ ታችኛው መስመር ከስፒን ሞገዶቹ ዝቅተኛ ድግግሞሽ በታች ስለሚወድቅ ምልክቱ መድከም አለበት። ለዚህ ሥራ ገጹ በ(110) የክሪስታል አቅጣጫ የተቆረጠውን አልማዝ እመርጣለሁ፤ ሁለት የጉድለት አቅጣጫዎች በገጹ ላይ ተኝተው ይገኙበታልና። በ(100) አቅጣጫ በተቆረጠው አልማዝ ግን ዘንጎቹ ከገጹ 35 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብሉ፣ መስኩ በጎን እየገፋ የብርሃኑን ልዩነት ያደበዝዛል።

ወሳኙ ፈተና ይህ ነው፦ በአንዱ የማይክሮዌቭ ማመንጫ ፊልሙን በሬዞናንሱ እየነዱ፣ በሌላው የጉድለቱን ሁለት መስመሮች ይለኩና አማካያቸውን ይውሰዱ። መስኩ በዘንጉ ላይ እስካለ ድረስ አማካዩ በመስኩ አይናወጥም፤ በሙቀት ግን በአንድ ዲግሪ 74 ኪሎኸርዝ ያህል ይወርዳል። በአሥር ዲግሪ መሞቅ ወደ 0.74 ሜጋኸርዝ ስለሚሆን በጥንቃቄ ለለካ አይሰወርም። አማካዩ ሳይነቃነቅ ብርሃኑ ከቀነሰ ሙቀቱን ሊተዉት ይችላሉ።

ማረጋገጫ ከፈለጉ ስፒኑ ወደ ሚዛኑ የሚመለስበትን ጊዜ በቀጥታ ይለኩ፤ በአረንጓዴ ሌዘር ምት ያሰናዱት፣ በጨለማው ጊዜ ብቻ ማይክሮዌቩን ይልቀቁ፣ ከዚያ በሁለተኛ ምት ያንብቡት። ማይክሮዌቭ ያለበትንና የሌለበትን ምት እያፈራረቁ ይውሰዱ፤ አለዚያ የሌዘሩ መዋዠቅ እንደ ውጤት ሊታይዎት ይችላል።

ምልክቱ ደካማ ከሆነ ኃይሉን ከመጨመርዎ በፊት በአልማዙና በፊልሙ መካከል ያለውን ክፍተት ይመርምሩ። የሞገዱ መስክ ከፊልሙ በራቀ ቁጥር በፍጥነት ይከስማል፣ የሞገዱ ርዝመት ባጠረ ቁጥር ደግሞ ይብሳል፤ ጉድለቱ በተለይ የሚሰማው ከርቀቱ ስድስት እጥፍ ገደማ የሚረዝመውን ሞገድ ነው። በ100 ናኖሜትር ርቀት 600 ናኖሜትር የሚደርሱትን ያገኛሉ፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ቁራጩን አንድ ማይክሮሜትር ብታነሣው ግን የሚቀሩልዎት ስድስት ማይክሮሜትር አካባቢ ያሉት ናቸው። ሁለቱንም ገጾች በአሴቶንና በአይሶፕሮፓኖል አጥበው፣ ቁራጩን ሲያስቀምጡ በማይክሮስኮፕ ይመልከቱ፤ ባለ ቀለም ቀለበቶች ተጠጋግተው ከታዩ አልማዙ አዘንብሏልና አንሥተው እንደገና ያጽዱት።