«ያገባናል» እና «አያገባንም»

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ክርክር «ለዘብተኞችና ወግ አጥባቂዎች ስለ ወታደራዊ ጣልቃ ገብነት ያላቸው አቋም» የሚል ርእስ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አንዲት ተማሪ «ለዘብተኛ ከሆኑ ታዲያ ለምን ቦምብ ያዘንባሉ?» ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ። «ጣልቃ ገብነት»ስ አንድ ላይ ይጻፋል ወይስ ተለያይቶ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ተማሪዎ ትክክል ናት። ያሳሳታት ቃሉ ነው።

ንግግሩን ለዘብ አደረገ፣ ቁጣው ለዘበ እንላለን። ስለዚህ «ለዘብተኛ» የጠባይንና የልክን ነገር የሚናገር ቃል ነው፤ ተቃራኒውም «አክራሪ» ነው እንጂ «ወግ አጥባቂ» አይደለም። «ሊበራል» ግን የግለሰብን ነጻነትና መብት የሚያስቀድም አስተሳሰብ ስም ነው። ሊበራል ሆኖ ማክረር፣ ወግ አጥባቂ ሆኖ መለዘብ ይቻላል። በአገራችን ሰው «ሊበራል»ን አጥብቆ የሰማው በኢሕአዴግ ዘመን፣ በአብዮታዊ ዴሞክራሲና በኒዮሊበራሊዝም ሙግት ውስጥ በመሆኑ ቃሉ ከገበያና ከመሬት ጉዳይ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ቢሆንም «ሊበራል» ብለው ቢጽፉ ይሻላል።

ታሪኩም ከተማሪዎ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኔቶ ለኮሶቮ አልባኒያውያን ብሎ ዩጎዝላቪያን 78 ቀን ከአየር ሲደበድብ አሜሪካን የሚመሩት ከሊበራሉ ወገን የሚቆጠሩት ዴሞክራቱ ቢል ክሊንተን፣ ብሪታንያን የሚመሩት የሌበር (ሠራተኛ) ፓርቲው ቶኒ ብሌር ነበሩ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1949 የአሜሪካ ሴኔት የኔቶን ውል ሲያጸድቅ «አይሆንም» ካሉት አንዱ በዘመኑ የወግ አጥባቂዎች ዋና ድምፅ የነበሩት ሮበርት ታፍት ናቸው። ኢራቅ ላይ ደግሞ ሁሉም ተደበላለቀ። ጦርነቱን የጀመሩት ከወግ አጥባቂው ወገን ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ቢሆኑም እ.ኤ.አ. በ2002 ፈቃድ ሲጠየቅ ከሴኔቱ ዴሞክራቶች 29 ደግፈው 21 ተቃውመዋል። በብሪታንያ ምክር ቤት ደግሞ ከወግ አጥባቂዎቹ አብዛኞቹ ሲደግፉ ሊበራል ዴሞክራቶች የተባለው ፓርቲ ተቃወመ።

እንግዲህ ልዩነቱ ጦርነት በመውደድና በመጥላት አይደለም። አማርኛ ለዚህ ክርክር ከየትኛውም የትርጉም ቃል የተሻለ አንድ ግሥ አለው፤ «ያገባል»።

አንድ ጊዜ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ላይ፣ ሁለት ወጣቶች በዋጋ ተጣልተው ሲያያዙ አንድ አዛውንት መሐላቸው ገቡ። ጉልበት የነበረው ልጅ «አያገባዎትም!» ብሎ ጮኸ። ሲደበደብ የነበረው ግን ኋላ «እሳቸው ባይገላግሉኝ» እያለ ያመሰግናቸው ነበር። ሰውዬው የሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ለአንዱ ጣልቃ ገብ፣ ለሌላው ገላጋይ ሆኑ። «ጣልቃ ገባ» የምንለው ሳያገባው የገባውን ነው፤ ወቀሳው ቃሉ ውስጥ አለ። በእርስዎ ርእስ ተከራካሪው አፉን ሳይከፍት ተፈርዶበታል።

ስለ ራሳችን ስንናገር ይህን ቃል እንዴት እንደምንሸሸው ይዩ። በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲሄድ «ዘመተ» አልን፤ ሰዎቹንም እስከ ዛሬ «ኮሪያ ዘማቾች» እንላቸዋለን። ኮሪያ ውስጥ ጣልቃ ገቡ ያለ አበሻ አልሰማሁም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ያደረገችውን ደግሞ «ወረራ» እንላለን፤ ይህም ልክ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ የመንግሥታቱን ማኅበር ሲማጸኑ ጉዳዩ በአማርኛችን «ይህ ነገር ያገባችኋል» ማለት ነበር። የሰማቸው አልነበረም። ከ15 ዓመት በኋላ ወታደሮቻቸውን ወደ ኮሪያ ሲልኩ ያው የጋራ ደኅንነት ሐሳብ ነበር ምክንያታቸው፤ አንድ አገር ሲወረር ሁሉንም ያገባዋል የሚል። እኔ ይህን ሳስብ «አያገባንም» የሚለውን ቃል በቀላሉ ማለት ይከብደኛል። ነገር ግን «ያገባናል» እያለ የሰው አገር የሚያፈርስ ጉልበተኛ መኖሩንም ኢራቅ አሳይታለች፤ ስለዚህ ተማሪዎቹ ሁለቱንም ወገን ሳይፈረድበት እንዲሰሙት እሻለሁ።

ጦር ስለ መላክ በ«ያገባል» ብንናገር ክርክሩ ይጠራል። ሊበራሉ ጣልቃ ሲገባ «ሰው ሲጨፈጨፍ ድንበር ሳይለይ ያገባናል» ይላል፤ ከሊበራሎችም መካከል «የተባበሩት መንግሥታት ሳይፈቅድ አያገባንም» የሚል አለ። የታፍት ዓይነቱ ወግ አጥባቂ «የራሳችን ጥቅም ካልተነካ አያገባንም» ሲል፣ የቡሽ ዓይነቱ «ጠላት ሳይደርስብን መድረስ አለብን፤ ያገባናል» ይላል። አራት ድምፅ እንጂ ሁለት አይደለም። ሰሌዳዎ ላይ ግን ሁለት ብቻ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ድርጊቱን በስሙ ይጥሩት፤ «ጦር መላክ»፣ «በሌላ አገር ጦርነት መግባት»። «ወታደራዊ ተሳትፎ» የሚለውን አልመክርም፤ ተሳትፎ የልማትና የስብሰባ ሽታ አለው፣ ሰው የሚሞትበትን ነገር ያለሰልሳል። «ጣልቃ ገብነት» የሚወቅሰው ሰው አፍ ውስጥ ሲሆን ብቻ ይግባ፤ ሲጽፉትም ለያይተው ይጻፉት፣ «ጣልቃ» ራሱን የቻለ ቃል ነውና።

ርእሱን እንዲህ ብለው ቢለውጡት፦ «ሊበራሎችና ወግ አጥባቂዎች የሌላ አገር ጦርነት መቼ ያገባናል ይላሉ?» ያቺ ልጅ በመጀመሪያው ተናጋሪነት ብትመደብም ደስ ይለኛል።