የቤተሰብ ጠቅላላ ገቢ ሲባል የማን የማን ይደመራል?

ወንድሜ፣ «ፎርሙ ላይ የእኔን ደሞዝ ብቻ ልጻፍ ወይስ የሚስቴንም?» ላልከው፣ የሁለታችሁንም ነው። ያውም የደሞዝ ግብሩና 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ሳይቆረጥ ያለውን እንጂ እጃችሁ የሚገባውን አይደለም።

አብሮ የሚኖርና ከአንድ ድስት የሚበላ ሰው ገቢው ሁሉ ይቆጠራል። እኛ ፒያሳ ሳለን የእናቴ ጡረታ፣ የወንድሜ ደሞዝ፣ የሰርቪስ ቤቷ ኪራይና እህቴ በየወሩ ከውጭ የምትልከው ይደመር ነበር። ዕቁብ ግን እንዳትደምር! የራስህ ብር ነው ዞሮ የመጣው። ብድርም ገቢ አይደለም።

ሱቅ ካላችሁ የቀን ሽያጩን እንዳለ አትጻፍ፤ የዕቃ መግዣውና የሱቅ ኪራዩ ተነስቶ የተረፈውን ያዝ። የስታቲስቲክስ ሰዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ ወጪ አጥብቀው የሚጠይቁት ወደው አይመስለኝም። ገቢውን በትክክል የሚናገር ማን አለ?