መልስ፦ የሥላሴ ካቴድራል መስኮቶች ለምን ደበዘዙብኝ?

«አራት ኪሎ ሥላሴ በስድስት ሰዓት ገብቼ ባለቀለም መስኮቶቹ ደብዘዝ አሉብኝ፣ ቆሽሸው ነው?» ላልከው፤ አይ ወንድሜ፣ የሳትከው ሰዓቱን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ጣሪያውን ትደበድባለች እንጂ በጎን መስኮት ዘልቃ አትገባም። ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ፣ አለዚያም ወደ አስር ሰዓት ላይ ተመለስ። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ጠዋት የምሥራቁ፣ ማታ የምዕራቡ መስኮት ይበራል፣ ቀለሙም ወለሉ ላይ ይፈሳል። ክረምት ላይ ግን ብዙ አትጠብቅ።

ቀለሙ ተቀብቶ ነው ወይ ላልከው፣ ባለቀለም መስታወት ሲሠራ ዋናው ቀለም ከመስታወቱ ጋር አብሮ የሚቀልጥ ነው፤ ለምሳሌ ኮባልት ሰማያዊ ይሰጣል። የፊትና የልብስ እጥፋት የመሳሰለው ዝርዝር ነው በላዩ ተስሎ እሳት ውስጥ የሚገባው።

በነገራችን ላይ የድሮዎቹ ክብ አብያተ ክርስቲያናት «ጨለማ ናቸው» ያልከው አልተዋጠልኝም። ከውጪኛው ክፍል ከቅኔ ማኅሌቱ ወደ መካከለኛው ወደ ቅድስቱ፣ ከዚያም ወደ ውስጠኛው ወደ መቅደሱ ስትሄድ ብርሃኑ ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጧፍና ሻማ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ ከባለቀለሙ መስታወት ይልቅ እሱ ነው ልቤን የሚነካው።

መስታወት ብቻ ከሆነ የፈለግከው፣ ቤተ እምነት ባይሆንም አፍሪካ አዳራሽን እይ። ባለቀለም መስታወቱ የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው፣ 150 ካሬ ሜትር!