የሚያጨስ የአየር ጠመንጃ ጠንካራ ሞላ አይፈልግም

ከሱሉልታ የመጣው ጥያቄ ባጭሩ ይኼ ነው። «ጋሼ፣ አዳማ የሚኖረው አጎቴ አሮጌ የአየር ጠመንጃ ሰጠኝ። አፈሙዙን ሰብረው የሚወጥሩት ዓይነት ነው፣ 4.5 ሚሊሜትር። አዳማ እያለ ደህና ይመታ ነበር፤ እዚህ ሳመጣው ደከመ። ሰፈራችን ያለ አንድ ጠጋኝ ዘይት አጠጣልኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ተኩሶች በኃይል ጮኹ፣ ሰማያዊ ጭስም ወጣ። አሁን በ10 ሜትር የቲማቲም ጣሳ አይበሳም፤ ስወጥረው ውስጡ ይንኳኳል። ጠንካራ ሞላ ገዝቻለሁ፣ ልግጠመው?»

አትግጠመው።

ጭስና ጩኸት የሚሉትን ሁለት ቃላት እንዳየሁ ነገሩ ገብቶኛል፦ የፒስተኑ ጎሚኒ ተቃጥሏል። ፒስተን የምልህ ሞላው ወርውሮ አየሩን የሚያስጨምቀውን ብረት ነው፤ ጎሚኒው ደግሞ ጫፉ ላይ ሆኖ አየር እንዳያመልጥ የሚያሽገው። ጠጋኙ ያፈሰሰልህ የሞተር ዘይት ወይም ሌላ የሚቀጣጠል ዘይት ይሆናል። ፒስተኑ ተወርውሮ አየሩን ሲጨምቀው አየሩ በጣም ይግላል፣ እዚያ ያለ ዘይትም ይቀጣጠላል። የናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚሠራው በዚሁ ነው። ያን ቀን ጠመንጃህ የበረታ መስሎህ ከሆነ፣ የሰማኸው የራሱን ጎሚኒ ሲያቃጥል ነው። ጎሚኒው ሲያልቅ አየሩ በጎኑ ያመልጣል፣ ኃይል የለም። መንኳኳቱ ደግሞ ሞላው ተጣምሟል ወይም ከአንድ ቦታ ተሰብሯል ማለት ነው፤ ፍንዳታው ፒስተኑን ወደ ኋላ ሲመታው ሞላው ይጎዳል።

ግን አዳማ ላይ ደህና ነበር ያልከውን ጠጋኙ ቢጠይቅህ ኖሮ ዘይቱን አያነሳም ነበር። ጠመንጃህ ሱሉልታ ሲደርስ አልታመመም። የአየር ጠመንጃ የሚገፋው ፒስተኑ በሚሮጥበት ቱቦ ውስጥ ባገኘው አየር ብቻ ነው። አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አንተ ከ2,600 በላይ ነህ። እንጦጦን ተሻግረህ ሱሉልታ ስትገባ የምትተነፍሰው አየር ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ ከሩብ በላይ ይሳሳል። ንፍሮ እናንተ ጋ ከአዳማ ይልቅ የሚዘገየውም በዚሁ ነው። ቱቦው ያው፣ ሞላው ያው፣ አየሩ ግን ያነሰ። ስለዚህ ጥቂት ኃይል መቀነሱ ያለ ነው፤ የትኛውም ጠጋኝ አይመልሰውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አየሩ ኃይል ብቻ ሳይሆን ለፒስተኑ ፍሬንም ነው። ፒስተኑ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የተጨመቀው አየር ያዝ ያደርገዋል፣ ከብረቱ ጋር እንዳይላተም። ደጋ ላይ አየሩ ሲሳሳ ያ ፍሬን ይላላል። አሁን ጠንካራ ሞላ ብትጨምርበት ፒስተኑ ፈጥኖ ሄዶ ብረቱን ይደበድባል፤ እርሳሷ፣ ማለት ጥይቷ፣ የምታገኘው ትርፍ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ማነጣጠሪያህ ይላላል፣ አዲሱ ጎሚኒም ዕድሜ የለውም። ባዶውን አትተኩስ የሚባለውም ለዚሁ ነው፤ እርሳስ ከሌለ አየሩ ወዲያው ያመልጣል፣ ፍሬኑ ጭራሽ ይጠፋል። በጣም ቀላል እርሳስም ከባዶ ብዙ አይሻልም። ለ4.5 ግማሽ ግራም አካባቢ የምትመዝንና አፈሙዙ ውስጥ ጠበቅ ብላ የምትገባ ፈልግ። አንዷ የምትሾልክ፣ አንዷ በጥፍር ተገፍታ የምትገባ የሆነችበትን ርካሽ ቆርቆሮ እዚያው ሱቁ ተወው።

ወደ ሥራው። መጀመሪያ የሰደፉን ብሎኖች በካቻቢቴ አጥብቃቸው፤ ከላሉ ኢላማ መሳትህን በሌላ ነገር አታሳብ። ቀጥሎ አፈሙዙ የሚታጠፍበት መጋጠሚያ ላይ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ጣል አድርግ፣ እርሳስ አጉርሰህ አሸዋ ወደሞላው ሳጥን ተኩስ። ሶፍቱ ከዘለለ የመጋጠሚያው ትንሽ ጎሚኒም ያሳልፋል። ያንን አውጥተህ ስታይ በማስቲሽ የተለጠፈ የመኪና ጎማ ላስቲክ እንደማታገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። አግኝቼ አውቃለሁና ነው።

አሁን ስማኝ። ሞላው ሳትወጥረውም ውጥር ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሲገጠም ጥቂት ሳንቲሜትር ተጨምቆ ነው የታሰረው። ከምላጩ ቤት ጋር ያለውን ማሰሪያ ፒን እንዲሁ ብትመታው የኋላው ብረት ፊትህ ላይ ይመጣል። ስለዚህ አናጺዎች እንጨት የሚያጣብቁበትን ረጅም ማጥበቂያ ተዋስ፣ ጠመንጃውን ርዝመቱን ይዘህ እሰረው፣ ፒኑን የምታወጣው ማጥበቂያው ሸክሙን ከተረከበ በኋላ ነው። ከዚያ ማጥበቂያውን ቀስ እያልክ አላላ። በሞርሳ ብቻ ይዤ በእጄ እገፋዋለሁ የሚል ጓደኛ ካለህ ያን ቀን አትጥራው።

ሞላውን ካወጣህ በኋላ መስታወት ላይ አንከባልለው። የሚንገዳገድ ከሆነ ጣለው። ምትኩ በሽቦ ውፍረት፣ በዙሪያና በርዝመት ከዱሮው ጋር እኩል ይሁን፣ ጫፎቹም ጠፍጣፋ የተሞረዱ። መርካቶ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ጫፉ ሳይሞረድ የተቆረጠ ሽቦ ጠምዛዛ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ያጥራል፣ ፒስተኑንም ከውስጥ ይቧጥጠዋል።

ጎሚኒው ላይ ተጠንቀቅ። ጠመንጃው ዱሮ የተሠራ የጀርመን ዲያና ወይም መሰሉ ከሆነ የቆዳ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ጫማ ሠሪ ወፍራም ቆዳ ይቆርጥልሃል፤ በቀላል ዘይት ነክረህ አሳድረው፣ ጨምቀህ ግጠመው። ፕላስቲክ ከሆነ የዚያኑ ሞዴል ፈልግ፤ ከጠፋ ቶርኖ ቤት ከጠንካራ ፖሊዩረቴን ያስወጣልሃል። ፕላስቲክ እንደ ቆዳ ዘይት አይጠጣም፣ አትንከረው።

ቱቦውን በነጭ ጋዝ እጠበው፣ በጨርቅ ወልውለህ ጨርሶ እስኪደርቅ ጠብቅ። እርጥበት ካስቀረህ ያው ቃጠሎ ይደገማል። ሞሊብዲነም ያለው ጥቁር ግራሶ ለፒስተኑ ጎንና ለሞላው ስስ አድርገህ ቀባ። ከጎሚኒው ፊት ለፊት ምንም አይቀባም። ምንም!

ስትገጥምም ያው ማጥበቂያ። ድካም ስለመጣና ሥራው ስላለቀ ብለህ በእጅህ አትግፋ፤ ሞላው ሲወጣ እንደሚመታው ሁሉ ሲገባም ይመታል። እርሳስ ስታጎርስም አፈሙዙን በሌላ እጅህ አጥብቀህ ያዝ፤ ምላጩ ከሳተ አፈሙዙ ተመልሶ ጣት ይቆርጣል።

ለመተኮሻ የቆርቆሮ አጥር አታስብ፣ ከኋላው የጎረቤት ግቢ አለ። አሸዋ የሞላ የእንጨት ሳጥንና የዓይን መነጽር ይበቃሃል፤ እርሳስ ከነካህ በኋላ ደግሞ ሳትታጠብ እንጀራ አትቁረስ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ የመሣሪያ ነገር ጠብቋል፣ ይዘኸው ከቤት ከመውጣትህ በፊት ያካባቢህን ፖሊስ ስለፈቃዱ ጠይቅ።

አዲሱ ጎሚኒ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ተኩሶች ላይ ትንሽ ጭስ ቢያሳይህ አትደንግጥ፣ የተረፈ ግራሶ ነው። 30 ያህል ተኩሰህም ካጨሰ አብዝተሃል፤ ማጥበቂያውን ለአናጺው ከመመለስህ በፊት እንደገና ክፈተውና ጥረገው።