«እግዜር ያጥናሽ» ለገዛ እኅት ይባላል?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የታላቅ እኅቴ ባል ካረፈ ሁለት ሳምንት ሆነው። እሷ ያለችው አዲስ አበባ ነው። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ ከተመለስኩ በኋላ በስልክ ጥቂት መስመር ልጽፍላት ፈለግሁ። «እግዚአብሔር ያፅናሽ፣ ነፍስ ይማር» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። አጎቴ አይቶ «የሚባለውስ ያጥናሽ ነው» አለኝ። እኔን የጨነቀኝ ግን ፊደሉ አይደለም። ለእኅቴ እንደ ሩቅ ጎረቤት የሆንኩባት መሰለኝ። ምን ብዬ ልጻፍላት?

መልስ፦ በመጀመሪያ አንተንም እግዜር ያጥናህ።

የአጎትህን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሥሩ የግእዙ «ጸንዐ» ነው፤ በረታ፣ ጠነከረ ማለት ነው። ግእዝ ጸ የሚለውን አማርኛ ብዙ ጊዜ ጠ ይለዋል። ጾም ጦም፣ ጸበል ጠበል፣ ጸጉር ጠጉር ይሆናል። እዚያው ጎንደር ለቅሶ ቤት ብትቀመጥ፣ ሽማግሌዎች ሊሄዱ ሲነሡ የምትሰማው «ያጥናችሁ» ነው። ጽሑፍ ላይ «ያጽናችሁ» ይበዛል። ያው ቃል ነው። በ«ጸሎት» ጸ እንጂ በ«ፀሐይ» ፀ አለመጻፉን ብቻ ያዝልኝ፤ በዚህ ሐዘን መሀል ግን ስለ ፊደል አልጣላህም።

ተማሪ «አጠና» የምንለውም ከዚሁ ሥር ነው፤ ትምህርቱን በልቡ አጸናው እንደማለት። ልጅ ሆኜ ለቅሶ ቤት «እግዜር ያጥናችሁ» ሲባል፣ እግዜር ሰውን እንደ መጽሐፍ የሚያጠናው ይመስለኝ ነበር።

«ነፍስ ይማር»ም እንዲህ ያለ ጣጣ አለው። ጽሑፉ አንድ፣ ንባቡ ሁለት ነው። «ልጁ ይማር» ስንል «ማ» ይጠብቃል፤ «ነፍስ ይማር» ላይ ይላላል። ግእዙ ለይቶ ይጽፋቸዋል፦ አንዱ መሀረ፣ አስተማረ ነው፤ ሌላው መሐረ፣ ይቅር አለ። «ትምህርት» በሀሌታው ሀ፣ «ምሕረት» በሐመሩ ሐ የሚጻፉት ለዚህ ነው። የሚምረው እግዚአብሔር ነው፤ ስሙ ግን አይጠራም። ለታመመ ሰው «ይማርሽ» የምንለውም ይኸው ግስ ነው። ሰው ሲያስነጥስም እንለዋለን። ለእኅትህ ስትጽፍ ታዲያ «ነፍስ ይማር» ብለህ አትተወው። የማን ነፍስ? «ነፍሱን ይማርልን» በላት። «ልን» ስትገባ ሟቹ የእናንተም ይሆናል።

አሁን ወደ ቅዝቃዜው ልምጣ። «ያጥናሽ» በራሱ ቀዝቃዛ ቃል አይደለም። እንዲያውም ከ«ጽኚ»፣ ከ«በርቺ»፣ ከ«ጠንክሪ» በጣም ይሻላል። እነዚያ ትእዛዝ ናቸው። ባሏን ቀብራ የተመለሰች ሴት ላይ ሌላ ሥራ ይጨምራሉ። «ያጥናሽ» ግን ሥራውን ለእግዜር ይሰጠዋል፤ እሷ ምንም አትጠየቅም። የለቅሶ ቤት አማርኛ አብዛኛው እንዲህ ነው የተሠራው፦ የመጨረሻ ያድርግልሽ፣ ሌላ ክፉ አያሳይሽ። አዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊም ጎረቤትህ ዘንድ ለቅሶ ብትደርስም «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» ነው የሚባለው። እዚያም ትዕግሥቱ ከላይ እንዲመጣ ይለመናል።

ችግሩ ያለው መጨረሻዋ ፊደል ላይ ነው፤ «ሽ» ላይ። «ያጥናሽ» የሚል ሰው ደጅ ቆሞ ወደ ውስጥ ነው የሚናገረው። ሐዘኑ የአንቺ ነው፤ እኔ ለቅሶ ልደርስ መጣሁ፣ ንፍሮዬን ቀምሼ እሄዳለሁ ማለት ነው። ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ፣ ለእድርተኛ ይሄ ትክክለኛ ቦታው ነው። አንተ ግን ለቅሶ ደራሽ አይደለህም። ለቅሶ የሚደረስልህ ሰው ነህ። ለዚህ ነው አፍህ ላይ የከበደህ። ስለዚህ «ሽ»ን በ«ን» ለውጣት፦ «እግዜር ያጥናን»። አንድ ፊደል ናት፤ ከደጅ አንስታ እኅትህ አጠገብ ታስቀምጥሃለች።

ሌላም የሥጋ ዘመድ ቃል አለ፦ «እኔን!» እናቶቻችን ልጅ ሲወድቅ የሚሏት። ሰዋስዉን ካየኸው ጎዶሎ ነው። «እኔን» ምን? ያግኘኝ? ይድፋኝ? ግሱ የለም። የመጣብሽ በእኔ ይሁን የሚለው ሐሳብ ሳይጨረስ ተትቷል፤ ሰሚውም ጨርሶ ይሰማዋል። ይህን ለአለቃህ ሚስት አትለውም። ለእኅትህ ግን ትላለህ።

«አይዞሽ» የትም ይሄዳል። እሱን አልነካብህም።

አጠራሩን አልጠየቅኸኝም፤ ግን ልናገር። ታላቅህ ናትና እስከዛሬ «እትዬ» ስትላት ከነበረ ዛሬም «እትዬ» በላት። በሐዘን ቀን ድንገት «ውድ እኅቴ» ብሎ መጻፍ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስመስለዋል። «የተሰማኝን ጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ»ም እንደዚያው ነው፤ እሱ ማኅተም ያለው ወረቀት ላይ ያምራል። «እቴ»ም ከ«እኅቴ» የወጣች ቆንጆ ቃል ነበረች። አሁን ግን «ተይው እቴ»፣ «ምን እቴ» እያልን ነገር ማናናቂያ አድርገናታል። በጽሑፍ ድምፅህ አይሰማምና ባትነካት ይሻላል።

እኔ ብሆን ይህን ያህል ብቻ እጽፍ ነበር፦ «እትዬ፣ እኔን። የምለው ጠፋኝ። እግዜር ያጥናን። ነፍሱን ይማርልን። ማታ እደውላለሁ።»

ማታ ስትደውል ደግሞ «ደህና ነሽ?» አትበላት። ደህና አይደለችም፤ አዎ ብትል ትዋሻለች፣ አይደለሁም ብትል ታስጨንቅሃለች። «እንዴት ዋልሽ?» በላት። የሚጠይቀው የዛሬን ውሎ ብቻ ነው። ለእሱ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ብላ መመለስ አያቅታትም።