ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሐዋሳ ወደ ደቡብ ኦሞ ለምትወርዱ

ሐምሌ በገባ ቁጥር የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሆቴሎች በዲያስፖራ ቤተሰብ ይሞላሉ። አባት ከዓሣ ጥብሱ፣ እናት ከሠርጉና ከማኅበሩ፣ ልጆች ከዋይፋዩ ጋር ሦስት ሳምንት ያልፋል። አሞራ ገደል ሄደው አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ ወፍ ጋር ፎቶ ይነሱና ጉብኝት ተደረገ ይባላል። ዓመቱን ሙሉ ደግሞ «ልጆቼ ለአገራቸው ግድ የላቸውም» የሚል ስሞታ። ምን አሳያችኋቸውና ግድ ይኑራቸው? ከሐዋሳ አንድ ቀን ብትነዱ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ ኮንሶ፣ ከዚያ ወዲያ ደቡብ ኦሞ አለ።

1. ወረቀት

የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ያለው ይያዝ፤ የሌለው ቪዛውን ከወዲሁ ይጨርስ። ሐዋሳ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ከተማ ናት፤ የደቡብ ኦሞ ከተሞች እነ ጂንካ ያሉት በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ስለሆነ የጉብኝቱን ጉዳይ እዚያው ጠይቁ።

2. ቀኑን ከገበያው ጋር አስማሙ

«ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው» የሚለው ሰበብ ለደጋ ነው። የደቡብ ኦሞ ቆላ ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ትንሹ በጥቅምትና በኅዳር ይጥላል። እናንተ የምትመጡበት ሐምሌና ነሐሴ እዚያ በአብዛኛው ደረቅ ነው። በዝናቡ ወራት የሄደ ግን ይጠንቀቅ፦ የሐመሮች ከተማ ቱርሚ አካባቢ አሸዋ ብቻ የሚመስለው ወንዝ ራስጌው ላይ ከዘነበ ድንገት ደራሽ ያመጣል። ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ነው እንጂ «መኪናው ፎር ዊል ነው» ብሎ መግባት የለም።

ሰኞ ከሐዋሳ ወጥታችሁ በሻሸመኔና በሶዶ አርባ ምንጭ እደሩ። ማክሰኞ በጠዋቱ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ አዞና ጉማሬ እዩ፤ ከሰዓት ዶርዜ ውጡ። ሹራብ ያዙ፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ዶርዜ ከ2,500 በላይ ነው። ከቀርከሃ የተሠራውን ቤት ስታዩ ቁመቱን አወዳድሩ፤ ምስጥ ከሥሩ በበላው ቁጥር የተበላው እየተቆረጠ ስለሚያጥር ረጅሙ አዲሱ ነው። ረቡዕ ኮንሶ ናችሁ፤ እርከኑና የድንጋይ ካብ አጥሩ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። መንደሩ አደባባይ ላይ የቆመውን የትውልድ ግንድ ልጆቹ ይቁጠሩ፤ በየ18 ዓመቱ አንድ ስለሚጨመር ቁጥሩን በ18 ሲያባዙት የመንደሩን ዕድሜ በግምት ያገኙታል።

ሐሙስ ቀይ አፈር የምትባለው ከተማ ገበያ ነው፤ ማታ ጂንካ። ዓርብ ማጎ ፓርክና የሙርሲ ሕዝብ መንደር። ቅዳሜ የዲመካ ገበያ፣ ቱርሚ ማደር። እሑድ የኦሞን ወንዝ ከላይ የሚያሳየው የካሮ ሕዝብ መንደር ኮርቾ። ሰኞ የቱርሚ ገበያ፣ ማክሰኞ መመለስ። አንድ ቀን ካዛባችሁ ገበያው ያመልጣል፤ ገበያ የሌለበት ቀን ቀይ አፈር ባዶ ሜዳ ነው። ዝርዝር ብርና ነዳጅ አርባ ምንጭ ወይም ጂንካ ያዙ፤ ቱርሚ ላይ አገኛለሁ አትበሉ።

3. ወባ

«እኛ እዚሁ ያደግን ነን» ማለት አይሠራም። ዓመታት ውጭ የኖረ ሰው የነበረው መከላከያ ይጠፋል፤ ውጭ የተወለደ ልጅማ ከመጀመሪያውም የለውም። ከወባ መከላከያ መድኃኒቶች ክሎሮኪን ብቻውን ለዚህ አገር አይበቃም። ማላሮን ከጉዞው 1 ወይም 2 ቀን በፊት ተጀምሮ ከወጣችሁ በኋላ 7 ቀን ይቀጥላል። ዶክሲሳይክሊን ከተመለሱ በኋላ 4 ሳምንት ይወሰዳል፤ ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። የትኛው እንደሚስማማ ሐኪማችሁ ይወስን። የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ይወሰድ። የወባ ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት ስለምትነክስ እጅጌው ረጅም ልብስና አጎበር አይቅር።

4. ልጁ ይናገር፣ እናንተ ዝም በሉ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ የዘመድ ልጆች የእናንተን ልጅ አማርኛ ሰምተው ይስቃሉ፤ ከዚያ እንግሊዝኛቸውን ሊለማመዱበት ይሻሙበታል። ልጁ አንዴ ከተሳቀበት አፉን ይዘጋል። እናንተም «አይችልም፣ ይገባዋል ግን አይመልስም» ትላላችሁ፤ እሱ ፊት!

ቀይ አፈር ላይ ግን ለባናውም፣ ለፀማዩም፣ ለአሪውም አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ሻጯም ገዢውም ቃል እየፈለጉ፣ በጣት እየቆጠሩ ነው የሚግባቡት። ማንም በማንም አይስቅም። የታሰረ ምላስ የሚፈታበት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ እናንተ ካላበላሻችሁት።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፍ አስጎብኚ ትቀጥራላችሁ፤ ልጁ ጆሮውን ለእሱ ይሰጥና አማርኛው እዚያው ላይ ያበቃል። ስትቀጥሩት «ከልጆቹ ጋር አማርኛ ብቻ» ብላችሁ ተዋዋሉ። ከመንገዱ በፊት ልጁ እስከ መቶ መቁጠርና አራት ነገር ይልመድ፦ ስንት ነው? ቀንሺልኝ። ከምን ተሠራ? ስሜ እንዲህ ይባላል። ገበያው ሰው ከሩቅ በእግር ስለሚመጣ ከቀኑ 5 እስከ 8 ሰዓት (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ይደምቃል፤ ያኔ ዝርዝር ብር ስጡትና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። የቅል ስባሪ እንደ ባርኔጣ ከደፋችው የባና ሴት ቅል ይግዛ፤ ከወንዶቹ ቦርኮቶ ይጠይቅ። ከአንድ እንጨት ተፈልፍሎ ለመቀመጫም ለትራስም ስለሚሆነው ስለዚያ ነገር አምስት ጥያቄ ይወጣዋል። ሲንተባተብ አትመልሱለት። ዋጋው ቢወደድበትም አትጮኹ፤ የሳምንት የቋንቋ ትምህርት ክፍያ ከዚያ ይበልጣል።

ሌላው የሚያናድደኝ ካሜራው ነው። ሙርሲ መንደር ገብቶ ሰላም ሳይሉ ሴቶቹን አሰልፎ ማንሳት፣ በራስ ቆጥሮ ብር መስጠት፣ ወደ መኪና መሮጥ። ፈረንጅ ሲያደርገው ታወግዛላችሁ፤ እናንተ ስታደርጉት ግን ልጃችሁ የአገሩን ሰው እንደ አራዊት ማየት ይማራል። መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ተጨባበጡ፣ ስም ተጠያየቁ። ፎቶ ከተፈለገ ዋጋው በአስጎብኚው በኩል አስቀድሞ ይለቅ። መንገድ ላይ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ለሚሉ ሕፃናት ከሚሄድ መኪና ባዶ ጠርሙስ አትወርውሩ፤ ጎማ ሥር ይገባሉ።

ወጣቱ በተሰለፉ ከብቶች ጀርባ ላይ እየሮጠ ለአቅመ አዳም መድረሱን የሚያሳይበት የሐመር የከብት ዝላይ ከገጠማችሁ የቤተሰብ ሥርዓት መሆኑን አትርሱ። የሚዘልለው ወጣት ሴት ዘመዶች በፈቃዳቸው በአለንጋ ይገረፋሉ፤ ደም አለው። ለልጁ ቀድሞ ይነገረው፤ ከአሥር ዓመት በታች ላለ አልመክርም።

5. ከተመለሳችሁ በኋላ

ትኩሳት ከያዛችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት ሂዱና ደቡብ ኢትዮጵያ እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ራሳችሁ ንገሩት፣ የወባ ምርመራም ጠይቁ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ መድኃኒቱን ከጨረሳችሁ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል።